ውሃና እንፋሎት በሆስፒታል፤ አጋጣሚ ጠባቂ ባክቴሪያዎችና የኢንጂኔሩ ድርሻ

ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በሚዛን ተፈሪ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በፈተናም ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። ነገር ግን የተማርነውን በሥራ ቦታ ማስታወስ ሌላ ነገር መሆኑን የተረዳሁት በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች በሆስፒታል ስለሚነሡ ብርቅ የባክቴሪያ በሽታዎች ታሪክ በኢንጂኔር ዓይን እንድጽፍ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ያመነታሁት ሐኪም ስላልሆንሁ ነበር። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ይህ ታሪክ ከግማሽ በላይ የውሃ፣ የቧንቧ፣ የእንፋሎትና የመለኪያ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ.)፣ የአገራችን ደግሞ በዓመተ ምሕረት ተጽፈዋል።

አጋጣሚ ጠባቂ ማለት ምን ማለት ነው?

ወባም ሆነ ታይፎይድ ጤነኛውን ሰው በመንገድ ላይ ያገኘዋል። አጋጣሚ ጠባቂ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን ጤነኛውን ሰው እምብዛም አይነኩም። በአፈር፣ በውሃ፣ በሰበሰ ቅጠል፣ አንዳንዶቹም በገዛ ሰውነታችን ላይ በሰላም ይኖራሉ። በር የሚከፈትላቸው ሰውየው ሲቃጠል፣ ሲቀደድ፣ የሽንት ቱቦ ሲገባለት፣ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሲወርድለት፣ ወይም የሰውነቱ የመከላከል ኃይል ሲዳከም ነው። በአገራችን በኤች አይ ቪ ትምህርት አማካይነት «ተጓዳኝ በሽታ» የሚለው ቃል በሕዝቡ ዘንድ ታውቋል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች በኢትዮጵያ ከታወቁበት ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቀድሞ የማይፈራ ተሕዋስ የተዳከመን ሰው ሊገድል እንደሚችል ብዙ ቤተሰብ በመከራ ተምሯል። የሆስፒታሉ ተሕዋስም በዚያው ሕግ ይሠራል፤ ልዩነቱ በሩን ብዙ ጊዜ የምንከፍትለት እኛው በሕክምናው መሣሪያ መሆናችን ነው።

የቡና አገር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ በበቃ፣ ከዚያም እስከ ቴፒ በየእሸት ቡና ማጠቢያው የተፈለፈለው ቡና በገንዳ ተዘፍዝፎ ሲያድር፣ በፍሬው ላይ የተጣበቀውን ዝልግልግ ልባስ የሚያላቅቁት ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። በቡና መብላላት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ኢንቴሮባክተርና ክሌብሲዬላ ያሉትን ከእነዚህ መካከል ደጋግመው አግኝተዋል። በገንዳው ውስጥ ሠራተኞቻችን ናቸው፤ ያለ እነርሱ የታጠበ ቡና የለም። የእነዚያው ቤተሰብ አባል በሕመምተኛ ደም ውስጥ ሲገኝ ግን ነገሩ የሞትና የሕይወት ይሆናል።

የፈረምሁት ወረቀት

ዩኒቨርሲቲ በጨረስሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በደቡብ ምዕራብ ከፍታ ላይ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል የእንፋሎት ማምከኛ መሣሪያ፣ ማለትም አውቶክሌቭ፣ እንድመረምር ተላክሁ። መሣሪያው አሮጌ ቢሆንም በደንብ የተያዘ ነበር። ላስቲኩ አያፈስም፤ ማሞቂያው ይሠራል፤ የግፊት መለኪያው ቀስት 15 ፓውንድ ላይ ሲደርስ ደቂቃ መቁጠር ይጀመራል። እኔም «በደንቡ መሠረት ይሠራል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

ስወጣ በቀዶ ሕክምና ክፍል መተላለፊያ ላይ አንዲት ነርስ አገኘችኝ። «ማሽኑን የሚያዩት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። አዎን አልኋት። «እንግዲያው ይህን ሰው ይዩልኝ» ብላ ወደ አንድ አልጋ ወሰደችኝ። ተኝቶ የነበረው በቡና ልማት ውስጥ ጆንያ ሲያወርድ እግሩ የተሰበረ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ተሠርቶለታል፤ ቁስሉ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደርቅ ብሏል። ፋሻው ላይ የነበረው መግል ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። «ሲስተር፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አልኋት። «አውቃለሁ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን እያየ ነው። እርስዎ ዕቃውን ይዩልኝ» ብላ መለሰችልኝ።

ያን ሌሊት በእንግዳ ማረፊያው የእንፋሎት ሠንጠረዤን አውጥቼ አሰብሁ። ስሕተቴን ያገኘሁት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው።

ከፓፔን ድስት እስከ አውቶክሌቭ

የእንፋሎት ማምከኛ አያቱ የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ዴኒ ፓፔን የተባለው ፈረንሣዊ ሊቅ በ1679 እ.አ.አ. ክዳኑ የጠበቀ፣ የግፊት ማስተንፈሻ ያለው ድስት ሠርቶ ጠንካራ አጥንት አለስልሶበታል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1879 የሉዊ ፓስተር ረዳት የነበረው ሻርል ሻምበርላን በዚያው መርሕ አውቶክሌቭን ሠራ። ምክንያቱም ተራ መፍላት የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን ጠንካራ ዘር፣ ስፖር የሚባለውን፣ እንደማይገድል በመታወቁ ነው። ከዚያ ወዲህ የታወቀው መለኪያ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 15 ደቂቃ ነው።

121 ዲግሪ የሚደርሰው ንጹሕ እንፋሎት ፍጹም ግፊቱ 205 ኪሎ ፓስካል ሲሆን ነው። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ፣ መለኪያው ከዚያ በላይ ያለውን 103 ወይም 104፣ ማለትም 15 ፓውንድ ያሳያል። በ1,450 ሜትር ላይ ግን የአየሩ ግፊት 85 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። መለኪያው የሚያነበው ከአካባቢው አየር ጋር አነጻጽሮ ስለሆነ፣ 15 ፓውንድ ሲል በሣጥኑ ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት 188 ብቻ፣ ሙቀቱም 118 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው 15 ፓውንድ 117 ዲግሪ ያህል ብቻ ይሰጣል። ሦስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ስፖርን የመግደል ፍጥነት በየአሥር ዲግሪው አሥር እጥፍ ስለሚለወጥ፣ በ118 ዲግሪ የሚሠራው ሥራ በ121 ከሚሠራው ግማሽ ነው። በሚዛን ከፍታ ላይ ቀስቱ 17 ተኩል፣ አዲስ አበባ ላይ 19 ፓውንድ ገደማ መድረስ ነበረበት። እኔ የፈረምሁት በባሕር ዳርቻ ለሚሠራ መሣሪያ ነበር።

ከግፊቱ ሌላ አየርም አለ። አየር ሳይወጣ ከእንፋሎት ጋር ከተደባለቀ፣ መለኪያው ትክክለኛውን ግፊት እያሳየ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፤ አየሩም ከእንፋሎት ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል። ይህ በ1972 እ.አ.አ. በእንግሊዝ አገር በዴቨንፖርት ሆስፒታል ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። በደም ሥር የሚሰጥ የስኳር ውሃ ጠርሙሶች ሲመክኑ በአውቶክሌቩ ታች የነበሩት በቂ ሙቀት አላገኙም ነበር። የሙቀት መመዝገቢያው ጉድለቱን ቢያሳይም ተበላሽቷል ተብሎ ታለፈ። የተበከለው ፈሳሽ ከአምስት ሕመምተኞች ሞት ጋር ተያይዞ፣ በመንግሥት የተሰየመ አጣሪ ቡድን በዚያው ዓመት መግለጫውን አወጣ። መለኪያው የማይወደድ ነገር ሲናገር መለኪያውን መጠርጠር የሁላችንም ፈተና ነው።

የማይፈሩት ባክቴሪያዎች ታሪክ

በማግሥቱ ስሕተቴን ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ አስታወቅሁ፤ መለኪያውም ላይ በቀይ ቀለም አዲስ ምልክት ተደረገ። እኔም ጥፋቱን ያገኘሁት መስሎኝ ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ጠና ያለ ሰው፣ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ያረምኸው መልካም ነው፤ ነገር ግን አረንጓዴ መግል የሚያመጣው ተሕዋስ ስፖር የለውም። የፈላ ውሃ ራሱ ይገድለዋል። በ118 ዲግሪ አይተርፍም፤ ሌላ ቦታ ፈልገው» አለኝ።

ልክ ነበር። ያ ተሕዋስ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ይባላል። ፈረንሣዊው ካርል ጌሳርድ በ1882 እ.አ.አ. ፋሻን ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደርገው እርሱ መሆኑን አሳየ። ዘመዶቹና መሰሎቹ የታወቁትም ከሆስፒታል ውጭ ነው። ሴራሺያ የተባለው በ1819 በሰሜን ጣልያን በፓዶቫ አጠገብ የበቆሎ ገንፎ ላይ ደም የመሰለ ቀለም ሆኖ ታየ፤ መርምሮ ስም ያወጣለት ባርቶሎሜኦ ቢዚዮ ለእንፋሎት ጀልባ ሙከራው ላከበረው ለሴራፊኖ ሴራቲ መታሰቢያ አደረገው። በዚህም አንድ የእኛ ሙያ ሰው ስሙ በባክቴሪያ ላይ ቀርቷል። አሲኔቶባክተር የሚባለውን ቤይዬሪንክ በ1911 በሆላንድ ከአፈር አገኘው። ቡርክሆልዴሪያ ሴፓሺያን ደግሞ ዋልተር ቡርክሆልደር በ1950 የሽንኩርት አበስባሽ አድርጎ ገለጸው።

እነዚህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ጉዳት የሌላቸው ተብለው ተቆጥረዋል። በ1950 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የነፋስን አካሄድ ለማጥናት ሴራሺያን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ላይ እስከ መርጨት ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ የከተማው ሆስፒታል 11 ሰዎች በዚህ ተሕዋስ ታመው አንዱ ሞተ፤ ግንኙነቱ ግን በፍርድ ቤት አልተረጋገጠም። በ1976 በፊላደልፊያ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮችን የመታው የሳንባ ምች 182 ሰዎችን አሞ 29 ገደለ። ጠንቁ ሌጂዮኔላ የተባለ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው በጥር 1977 ነው። ጥርጣሬው ያረፈውም በሆቴሉ የአየር ማቀዝቀዣ ሥርዓት ላይ ነበር።

ጠርሙሱ

«ሌላ ቦታ ፈልገው» ያለኝን ይዤ ከነርሷ ጋር የቁስል ማጠቢያውን ጋሪ ከላይ እስከ ታች ተመለከትን። ፒንሳውና መቀሱ ከአውቶክሌቭ የወጣ ነው። ፋሻው ግን ከሣጥኑ ሲወጣ እርጥብ ነበር፤ እርጥብ መጠቅለያ ደግሞ ሲደርቅ ከውጭ ተሕዋስ እንደሚስብ ቆይቶ ገባኝ። ከፋሻው አጠገብ ቁስል የሚታጠብበት ፀረ ተሕዋስ ፈሳሽ የያዘ ትልቅ ጠርሙስ ቆሟል። መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ በውሃ ይቀጠናል፤ ውሃው የሚቀዳው ከጣሪያው ሮቶ ነው፤ ጠርሙሱም ሲጎድል ይሞላል እንጂ ተደፍቶ አይታጠብም። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ አልነበረም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ከቁስሉም ከጠርሙሱም ናሙና ወሰደ። ሆስፒታሉ ባክቴሪያ አብቅሎ የሚለይበት መሣሪያ ስላልነበረው ናሙናው በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ተላከ። መልሱ በስድስተኛው ቀን መጣ፤ በሁለቱም ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ በቅሏል። አንድ ዓይነት መሆናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉን በእርግጠኝነት አያስረዳም፤ ጠርሙሱን ለመድፋት ግን በቂ ነበር።

ፀረ ተሕዋሱ ራሱ የተሕዋስ ቤት ይሆናል ማለት ለእኔ እንግዳ ነገር ቢሆንም ለሳይንሱ አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሎውበሪ በ1951 እ.አ.አ. በቡሽ በተከደኑ የፀረ ተሕዋስ ጠርሙሶች ውስጥ ሱዶሞናስ እንደሚኖር አሳይቷል። በ1970 በለንደን ሳቭሎን የተባለው፣ እኛም የምናውቀው ፈሳሽ፣ በውሃ ቀጥኖ ሲቀመጥ የሽንኩርቱን ባክቴሪያ ተሸክሞ ቁስል እንደበከለ ታትሟል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ጠርሙስ ክዳን ውስጠኛ ልባስ በሌላ ቁስ ተለወጠ። በ1970 እና በ1971 በ25 ሆስፒታሎች 378 ሕመምተኞች የደም መመረዝ ደረሰባቸው፤ ከተገኙት ዋነኞቹ አንዱ የቡና ገንዳችን ዘመድ ኢንቴሮባክተር ክሎኤሲ ነበር። አንድ የፋብሪካ ዲዛይነር የክዳን ልባስ ሲለውጥ የሰው ሕይወት እንደለወጠ አላወቀም።

በአገራችን

ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ወደ አገራችን በስፋት የገባው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 እ.አ.አ. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሲያክም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ተከተለ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋም ካደገባቸው ሥሮች አንዱ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንንና ከነርስ ጋር ሳኒታሪያንን ማሠልጠኑ ለእኛ ሙያ ልዩ ትርጉም አለው፤ ውሃና ቆሻሻ የሕክምናው ክፍል መሆናቸውን ገና ከመነሻው ያወቀ ሥርዓት ነበርና። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በማኅፀንና በቀዶ ሕክምና ክፍሎች በሆስፒታል ውስጥ ስለሚያዙ በሽታዎች የተደረጉ ጥናቶች በ1987 እና በ1988 እ.አ.አ. ታትመዋል። ስለዚህ ጉዳዩ በአገራችን ባለሙያዎች ዘንድ ሲጠና ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ስንመጣ፣ ረጅሙን ጊዜ የከባድ ሕመምተኛ ተስፋ ጅማ ነበረች። ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የሚዛን አማን ሆስፒታል የማስተማሪያ ሆስፒታል ለመሆን በቅቷል። የሐኪሙ ቁጥር ሲጨምር፣ ቀዶ ሕክምናው ሲበዛ፣ ቱቦና መርፌም ይበዛል፤ አጋጣሚ ጠባቂው ተሕዋስ አጋጣሚ የሚያገኘው ሆስፒታል ሲያድግ ነው።

ስለ መለየትና ስለ ማከም

የሐኪሙንና የላቦራቶሪውን ሥራ እኔ ላስተምር አልችልም፤ የተረዳሁትን ብቻ ልናገር። እነዚህን ተሕዋስያን ለመለየት መጀመሪያ መጠርጠር ያስፈልጋል። በናሙና ላይ የአፈር ወይም የውሃ ባክቴሪያ ሲበቅል «ናሙናው ተበክሎ ነው» ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ሕመምተኛው ደካማ ሲሆን፣ ተሕዋሱ ደጋግሞ ሲገኝ፣ ወይም በብዙ አልጋ ሲታይ ግን ያ ፍርድ ሊያሳስት ይችላል። ሐንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 እ.አ.አ. የፈለሰፈው ማቅለሚያ፣ በፔትሪ ሳሕን ላይ ማብቀል፣ ሱዶሞናስን በሰከንዶች ውስጥ በወይን ጠጅ ቀለም የሚያጋልጠው የኦክሲዴዝ ፍተሻ፣ በመጨረሻም የመድኃኒት ወረቀቶችን በሳሕኑ ላይ አድርጎ የትኛው እንደሚያቆመው መለካት፤ እነዚህ ሁሉ አሮጌ ዘዴዎች ናቸው፤ ዛሬም ይሠራሉ። የሚያስፈልጋቸው ሙቀቱ በ35 እና በ37 ዲግሪ መካከል የማይዋዥቅ ማብቀያ ሣጥን ነው። ያ ደግሞ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ማለት ነው።

መድኃኒቱም ያለ ላቦራቶሪ ጭፍን ነው። በሆስፒታሎቻችን አብዝቶ የሚታዘዘው ሴፍትራያክሶን ሱዶሞናስን አያምንበትም። እንደ ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሴፍታዚዲም ያሉት ሊሠሩ የሚችሉት በፍተሻ ከተረጋገጠ ነው። ስቴኖትሮፎሞናስ የተባለው የውሃ ባክቴሪያ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የሚቀመጡትን ካርባፔኔሞች በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ የሚታከመው ግን በብዛት በሚገኘውና በረከሰው ኮትሪሞክሳዞል ነው። እንግዲህ ስሙን ሳያውቁ ውዱን መስጠት ሕመምተኛውን ሳያድን ተሕዋሱን ያለማምዳል። ከመድኃኒቱ እኩል ደግሞ መግሉን ማውጣት፣ ያላስፈለገውን ቱቦ መንቀል፣ የብክለቱን ምንጭ ማግኘት ይጠበቃል።

የዚያ ሰው መድኃኒት በፍተሻው መሠረት ተለወጠ። ቁስሉ ደረቀ፤ እግሩ ግን ጆንያ አይሸከምም። ከወራት በኋላ ስመለስ ነርሷ እንደነገረችኝ በቡና ልማቱ የጥበቃ ሥራ ተሰጥቶታል። ሦስት ሳምንቱ አንድ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ለሙያ ባልደረቦቼ

ከእኛ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፤ ግን የማንም ሥራ አይደለም ተብሎ የቀረ ነው። ለከፍተኛ ቦታ አውቶክሌቭ ስናስገባና ስንፈትሽ በመለኪያው ላይ የቦታውን ግፊት እናስምር፤ ሙቀቱንም በግፊቱ ሳይሆን በራሱ መለኪያ እናረጋግጥ፤ ፋሻው ደርቆ መውጣቱን እንይ። የሆስፒታል ቧንቧ ስንነድፍ ውሃ ቆሞ የሚቀርበት ጫፍ አንተው። ሮቶው በሰው እጅ ተከፍቶ የሚታጠብበት ቦታ ይኑረው፤ ፀሐይም አያሙቀው። ለላቦራቶሪው ማብቀያ ሣጥን የተለየ የመጠባበቂያ መስመር እንስጥ። ከሁሉም በላይ የምርመራ ወረቀት ከመፈረማችን በፊት ወደ ቁስል ማጠቢያው ጋሪ ሄደን የሚሠሩትን እንጠይቅ።

የዚያን ጊዜ የፈረምሁት ወረቀት ቅጂ ዛሬም በመሳቢያዬ አለ። «በደንቡ መሠረት ይሠራል» ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «በየትኛው ከፍታ?» ብዬ ጽፌበታለሁ። አዲስ መሣሪያ ለመመርመር በሄድሁ ቁጥር መጀመሪያ የማወጣው እርሱን ነው።